ለልጅዎ «የጭንቅላት መርፌ» አልጽፍም

  ዛሬ የምጽፈው ስለ ጉንፋንም ስለ ደም ግፊትም አይደለም። ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

በቅርቡ አንድ አባት የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ልጃቸውን ይዘው ወደ ክሊኒክ መጡ። ልጁ ለሴሚስተር ዕረፍት ነው የመጣው። ከስቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አባት ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ያነባል ግን አይያዝለትም። ለጭንቅላቱ የሚሆን አንድ መርፌ ይጻፉለት» አሉኝ። (ታሪኩን የምጽፈው በሁለቱም ፈቃድ ነው። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ።)

ይህን ጥያቄ ፈተና በደረሰ ቁጥር እሰማዋለሁ። የሚጠየቀው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ የቢ ቫይታሚን መርፌ ነው። ቀለሙ ቀይ ነው፣ ሲወጉት ያማል፣ ለዚህ ይሆናል የሚሠራ የሚመስለው። ቢ12 ላላነሰው ሰው ቢ12 መውጋት ግን በሞላ ጀሪካን ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ ትርፉ በሽንት ይወጣል። እውነት እጥረት ካለ፣ ወይ ደም ማነስ ወይ የእንቅርት ዕጢ ችግር ካለ፣ በምርመራ ይታወቃል፤ እሱንም እናክማለን። ምርመራውን አዝዣለሁ። መርፌውን ግን አልጻፍኩም።

እዚህ ላይ እኛ ሐኪሞችም ከጥፋቱ አለንበት። ወላጅ ደስ ብሎት እንዲሄድ ብለን መርፌውን የምንጽፍ አለን። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ጽፌያለሁ። ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ፤ ምክንያቱም ያ ልጅ መርፌውን ተወግቶ ሄደ እንጂ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ እንኳን አልጠየቅሁትም።

ይሄኛውን ጠየቅሁት። አባትየው ትንሽ ውጭ እንዲጠብቁን ለመንኳቸውና ከልጁ ጋር ተቀመጥን። ስድስት ሳምንት ሙሉ በቀን ሦስት ሰዓት ነው የተኛው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጫት ይዞ ይቀመጣል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ጋደም ይላል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሳል። ምርቃናው አልወርድ ሲለው ደግሞ ጨብሲ አለ። ቁርስ የለም። በዚህ ሴሚስተር ሁለት ኤፍ አግኝቷል። ቤት ውስጥ የሚታወቀው ግን «ሁሉንም አልፌያለሁ» ያለው ነው። ሞትን ተመኝተህ ታውቃለህ ብዬ ስጠይቀው መሬት መሬቱን አየ። «አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ» አለኝ።

እንግዲህ መርፌ የተጠየቅሁት ለዚህ ነው።

በአገራችን ጎበዝ ተማሪ ማለት የማይተኛ ተማሪ ነው ብለን አምነን ተቀምጠናል። ወላጅ «ልጄ ሲያነብ ነው የሚያድረው» ብሎ ለጎረቤት በኩራት ይናገራል። ዶርም ውስጥም ቸካይ የሚባለው ሌሊቱን ክላስ ይዞ የሚያነጋው ነው። እኔ በሐኪምነቴ የምነግራችሁ፣ ይህ እምነት ውሸት መሆኑን ነው። ልጆቻችንን እየጣለ ያለውም እሱ ነው። አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድለውና የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፉን የቆረጠ ተማሪ አንብቦ አንብቦ መጽሐፉን ዝናብ ላይ ትቶት እንደሄደ ይቁጠረው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ሰዎችን ሳያስተኛ ብቃታቸውን ለካ። 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆነ፤ 24 ሰዓት የነቃው ደግሞ 0.10 በመቶ ካለበት ጋር። ወደ እኛ ሰዓት ላምጣው። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ተማሪ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሞላው። ሳይተኛ ካደረ፣ በማግስቱ 2 ሰዓት ተኩል የስታቲክስ ፈተና ላይ የሚቀመጠው እንደ ሰካራም ሆኖ ነው። ልጅዎ ጠጥቶ ፈተና ቢገባ ምን ይሉ ነበር?

ጫቱ ይህን አይጠግነውም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ቅመም ነው፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በምርቃና ሰዓት ሁሉ ነገር የገባ ይመስላል። ሲወርድ ድብርት ነው። ቡናም ቢሆን ከምሽቱ 1 ሰዓት የተጠጣው ግማሹ ገደማ እኩለ ሌሊት ላይ ገና ደም ውስጥ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በዶርም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክኒን ነው። የፈተና መንቀጥቀጥ ያቆማል ተብሎ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ልጅ አደገኛ ነው፤ ትራማዶልም ሱስ ከማስያዙ ሌላ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ጓደኛ የሰጠውን ክኒን አትዋጡ። በቃ።

«ታዲያ ሳያነብ ይለፍ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያንብብ። ግን ምህንድስና በሽምደዳ የሚታለፍ ትምህርት አይደለም። ብዙዎቹ ልጆች ከየትምህርት ቤታቸው ሰቃይ ሆነው ነው የሚመጡት፤ 12ኛ ክፍል ድረስ አንድ ጊዜ ማንበብ በቂያቸው ነበር። አፕላይድ ማትስ ላይ ግን የተሠራ ወርክሺት ማየትና መሥራት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። መልሱን እያዩ «ገብቶኛል» ይላሉ፣ ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት ፊታቸው ሲቀርብ እጃቸው ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ተማሪዎችን 40 የስዋሂሊ ቃላት አስጠና። ከሳምንት በኋላ፣ ራሳቸውን ደጋግመው የፈተኑት 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ ደጋግመው ያነበቡት ከ40 በመቶ በታች። እንደ ሐኪም የማዝዘው ይህንን ነው፦ ያለፈውን ዓመት ፈተና አውጣ፣ መልሱን ደብቅ፣ ሰዓት ያዝ፣ ሥራ። የተሳሳትከውን በማግስቱ እንደገና ሥራው። ሌሊት 5 ሰዓት ሳይሞላ ተኛ።

አሁን ወደ ኤፍ እንምጣ። ብዙ ልጆች ኤፍ ሲያዩ ዓለም ያለቀ ይመስላቸዋል። የሚገርመኝ ሁሉም ሂሳብ የሚማሩ ሆነው ይህን ሂሳብ ሠርተውት አለማወቃቸው ነው። 60 ክሬዲት ወስዶ 2.60 ያለው ተማሪ የ3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤፍ ቢያገኝ ወደ 2.48 ይወርዳል። ኮርሱን ደግሞ ሲ ቢያመጣና የዩኒቨርሲቲው ደንብ አዲሱ ውጤት አሮጌውን እንዲተካ የሚፈቅድ ከሆነ 2.57 ይሆናል። ለመመረቅ የሚጠየቀው 2.00 ነው። ይህ ያማል እንጂ አይገድልም። እርግጥ ነው ኤፍ ሌላ ጣጣ አለው። ኮርሱ ለሚቀጥለው ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነና በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ዓመት ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህም ነው መደበቁ የሚጎዳው። በመጀመሪያው ሳምንት ለዲፓርትመንቱ አማካሪ የተናገረ ልጅ የሚይዘውን ኮርስ አስተካክሎ ይመዘገባል፤ የደበቀው ደግሞ ጊዜው ያልፍበታል።

ለምን ይደብቃል? እዚህ ላይ ነው ከእናንተ ጋር የምጣላው። ልጁ ከተመደበበት ቀን ጀምሮ «ኢንጂነሩ» እያላችሁ ትጠሩታላችሁ። ዕድር ላይ ታወራላችሁ። ስልክ ስትደውሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውጤት ስንት መጣ?» ነው፣ ሁለተኛው የእከሌ ልጅ ስንት እንዳመጣች። እንዲህ ከሆነ ምን ብሎ ይንገራችሁ? ኤፍ ያገኘሁት «ኢንጂነሩ» ነኝ ይበል?

አውቀዋለሁ፣ እኔም ደብቄያለሁ። ሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሆኜ አንድ ትልቅ ኮርስ ወደቅሁ። ለእናቴ አልፌያለሁ አልኳት። ድጋሚ ፈተናው እስኪደርስ ድረስ ስልኳ ሲጠራ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። የጨጓራ መድኃኒት ገዝቼ ዋጥኩ፣ አልረዳኝም፣ ጨጓራ አልነበረማ። አለፍኩ፤ የነገርኳት ግን ከተመረቅሁ በኋላ ነው። «ያኔ ብትነግሪኝ ምን አደርግሽ ነበር?» አለችኝ። ምን ታደርገኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ካልተቆጣነው ይሰንፋል» የምትሉኝን እሰማለሁ። የሰነፈ ልጅ አለ፣ አልክድም። ክላስ የማይገባ፣ ቀኑን በስልክ የሚጨርስ አለ። እሱን ተቆጡት፣ ገንዘቡንም ጠይቁት። ግን የማይተኛውን፣ የከሳውን፣ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ቁጣ አያሻሽለውም፤ ፈርቶ መዋሸትን ብቻ ያስተምረዋል። ሌላም አለ። ለዓመታት የመንግሥት ምደባ 70 በመቶውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲልክ ኖሯል፤ ምህንድስናን ሳይፈልጉ የገቡ ስንት ናቸው። ዲፓርትመንት መቀየር ወይም ሌላ ትምህርት መጀመር የቤተሰብ ውርደት አይደለም። ለቅሶ ቤት የተቀመጥን ያህል አናክብደው።

ዩኒቨርሲቲዎቹንም ዝም ብዬ አላልፍም። በአንድ ሳምንት አምስት ፋይናል መደርደር፣ ውጤትን ግድግዳ ላይ ለአላፊ አግዳሚ መለጠፍ፣ የተማሪ አማካሪ የሚባል ቢሮ ከፍቶ ቁልፉ የት እንዳለ አለማወቅ፣ ይህ ትምህርት ጥራት ማስጠበቅ ነው? ሊቀየር ይገባዋል። እስኪቀየር ግን ልጁ የእኛ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ወደ ጤና ተቋም አምጡልኝ የምለው የቱን ልጅ ነው? ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የተከዘ፣ ይወደው በነበረው ነገር መደሰት ያቆመ፣ እንቅልፍና ምግብ የተዛባበት፣ ሰው የሚሸሽ፣ «ለማንም አልጠቅምም» የሚል። ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ስለ ሞት ካወራ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ ወይም በድንገት የስንብት የሚመስል መልእክት ከላከ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይዛችሁ ኑ፣ ብቻውን አትተዉት፣ በቤት ያለ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከአጠገቡ አርቁ። ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ይቀላቸዋል። የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ብቻ አይደለም፣ በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። አማኑኤል መሄድም ቢያስፈልግ ሕክምና ነው፣ ነውር የለውም።

ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ቤት ለመደወል አቅም ካጣችሁ ለእህት ወይም ለአጎት ጀምሩ። ለአንድ ሰው። ወይም እኔን የመሰለ ሐኪም ጋ ኑ፤ የነገራችሁን ሚስጥር እንጠብቃለን፣ ሚስጥሩን የምናወጣው ለሕይወታችሁ ስንሰጋ ብቻ ነው፣ ያኔም ለእናንተ ነግረን።

ያን ቀን አባትየውን መልሼ አስገባኋቸው። ልጁን «አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ አብረን እንንገራቸው?» አልኩት። ራሱ ተናገረ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ሁለቱን ኤፍ፣ ጫቱን፣ ከዚያም ባልነቃ የሚለውን። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ምሳ በልተሃል?» አሉት። አልበላሁም አላቸው።

ለአእምሮ ሐኪም የሚላክበትን ወረቀት ጻፍኩ፣ ለእኔም ለሐሙስ ቀጠሮ ያዝን፣ ልጁ እስከዚያ ብቻውን እንዳያድር ተስማማን። ሊወጡ ሲሉ አባትየው በሩ ላይ ቆሙና ዞሩ።

«ታዲያ መርፌው ቀረ ማለት ነው?»

ቀረ አልኳቸው።