መነጽር አላደርግም ያለችው ልጅ



እዚህ አሶሳ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪያችን ሰሌዳው ስለማይታያት ከጓደኛዋ ደብተር ትገለብጣለች። መነጽር ተሠርቶላታል፤ ነገር ግን «ባለ መነጽር ማን ያገባል?» ብላ ከቦርሳዋ አታወጣውም። አባቷ ደግሞ መነጽር የሚያስጥል የሌዘር ሕክምና መኖሩን ሰምተው፣ ወርቅ አጥበው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሊያወጡ ተነሡ። «ኡስታዝ፣ ምን ይሉኛል?» ሲሉ ጠየቁን።

መታከም ሸሪዓችን የሚወደው ነገር ነው። ሕክምናውም ተረት አይደለም፤ ሌዘሩ የዓይንን ብሌን (ኮርኒያን) በስሱ ቀርጾ ብርሃን በትክክለኛው ቦታ እንዲያርፍ ያደርጋል። የታከሙት አብዛኞቹም ረክተዋል።

ይሁንና «ረክተሃል?» እና «ማታ እንዴት ታያለህ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ተሳትፎ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ይህንን ለይቶ ጠይቋል። በእይታቸው ያልረኩት ከ100 ሰዎች ከ4 አይበልጡም። ነገር ግን ቀድሞ ምንም የእይታ እንከን ካልነበረባቸው መካከል ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ3 ወር በኋላ ቢያንስ አንድ አዲስ እንከን ተናግረዋል፤ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ከነዚህ አንዱ ነው። ዓይናቸው ጤነኛ ከነበረውም 28 በመቶ ያህሉ የድርቀት ስሜት ጀምሯቸዋል። በዚህ ምክንያት የዕለት ሥራቸው እጅግ የተቸገረባቸው ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ከተራዊሕ ሲመለሱ የባጃጅ መብራት ተበትኖ ቢታይ፣ በበጋም የሣር ቃጠሎ ጭስ በደረቀ ዓይን ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚመስል ቤተሰብ ቀድሞ ያስብበት። (ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ውኃ ዓይን እንዳይነካ ስለሚታዘዝ፣ የዉዱን ነገር አስቀድሞ ዓሊም መጠየቅ ያሻል።)

ለተማሪያችን ግን ጥያቄው ገና ነው። ሐኪሞች 18 ዓመት እንዲሞላና የመነጽሩ ቁጥር ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይለወጥ እንዲቆይ ይጠብቃሉ። ብሌኑ የሳሳ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ሰው አይታከምም። ልጆቻችን በበጋ ዓይናቸውን ሲያሳክካቸው አጥብቀው የሚያሹት ነገር ደግሞ ብሌንን ከሚጎዱት አንዱ ነው፤ እናቶች ይህንን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ዝቅተኛ እይታ ካላቸው ሰዎች የአንድ ሦስተኛው ችግር መነጽር ሊያስተካክለው የሚችል እንደሆነ አሳይቷል። መድኃኒቱ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ልጅቱ ፈተና ትወድቃለች! ለጋብቻው ያሰቡላት ዘመዶች ይህንን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?

ለአባቷ ይህንኑ ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ገንዘቡ ይቀመጥ» አሉ። ልጅቷ አሁን መነጽሯን በክፍል ውስጥ ታደርጋለች፤ ከግቢው በር ስትወጣ ታወልቀዋለች።