ሞተሩን ከመፍታታችን በፊት



የሳይንስ ክበባችን የሠራው የባቡር ማቋረጫ በር ባቡሩ አልፎ ሳይጨርስ ይከፈታል። ብዙዎች «ሞተሩን እንቀይረው» ይላሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ሴንሰሩ ይታይ ባይ ነኝ። ሴንሰሩ ባቡር መኖሩን የሚያውቀው የኢንፍራሬድ ጨረሩ ሲቋረጥበት ነው። የፀሐይ ብርሃንም ኢንፍራሬድ ስላለው በመስኮት ሲገባ ያሳስተዋል፤ በካርቶን እንከልለው። በሁለት ፉርጎ መሀል ክፍተት ሲያገኝም «አለፈ» ይላል፤ ስለዚህ በሩ 3 ሰከንድ ቆይቶ ይከፈት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩ በራሱ ክብደት ወርዶ ይዘጋ። «ሰው ይጉላላል» ትሉ ይሆናል። መጉላላት ይሻላል! ባቡር ለእኛ ለጎሮ ልጆች ሩቅ አይደለም፤ ከአያት የሚነሳው ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። እውነተኛ ሐዲድ ላይ ስህተት ሕይወት ያስከፍላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?