«ቀድመህ አየኸው፣ አይደል?»

ዛሬ የሰው ደብዳቤ አላነብላችሁም። የራሴን ጉድ ልንገራችሁና ትንሽ ሳቁብኝ።

እኔና ባለቤቴ አንድ ያልተጻፈ ውል አለን። ማታ ልጃችን ስትተኛ ላፕቶፑን ከፍተን ከተከታታይ ፊልም አንድ ክፍል እናያለን። አንድ ብቻ! ማንም ቀድሞ አያይም። ለእንቅልፍም ለኢንተርኔት ሂሳብም የሚስማማ ውል ነው።

የጀመርነው እንደ ብዙዎቻችሁ በ«ሃውስ ኦፍ ካርድስ» ነበር። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያዎቹን 13 ክፍሎች በአንድ ቀን ዘርግፎ የለቀቀውን ማለቴ ነው። ፖለቲከኛው ፍራንክ አንደርውድ ሁሉንም ይዋሻል፤ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ግን ተንኮሉን ለእኛ ሹክ ይለናል። ተመልካቹ ሳያስበው ግብረ አበር ሆኖ ቁጭ! እኔማ ወር ሳይሞላኝ፣ መሥሪያ ቤት ሻይ የጋበዘኝን ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ማለት ጀመርኩ።

«ኧረ ይሄ ፊልም አበላሸህ፣ እንቀይር» አለችና ባለቤቴ «ቦርገን»ን አመጣች። የዴንማርክ ነው። ስሙ «ግንቡ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ፓርላማውና የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ያሉበት ቤተ መንግሥት ቅጽል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ ቴሌቪዥን ጀመረ፤ አራተኛው ሲዝን በ2022 በኔትፍሊክስ ተከተለ። ቢርጊተ ኒቦርግ የምትባል የሁለት ልጆች እናት የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ትሆናለች። የሚገርመው ፊልሙ ቀድሟል፤ ዴንማርክ በእውን ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ያገኘችው በ2011 ነው፣ ሄለ ቶርኒንግ ሽሚትን።

ታዲያ እዚህ ፊልም ላይ ትልቁ ፖለቲካ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ባልና ሚስቱ ተራ ተስማምተዋል፤ አሁን የእሷ ጊዜ ነው። ባልየው ግን ጥሩ ሥራ ያገኛል። ኩባንያው ከመንግሥት የጦር አውሮፕላን ግዢ ጋር ሲነካካ «ልቀቅ» ትለዋለች። ይለቅ ይሆን? ትዳሩስ?

እኔ ሆዬ ይህን ሳላውቅ መተኛት አቃተኝ። ባለቤቴ እንቅልፍ ሲወስዳት ማዳመጫዬን ሰክቼ በስልኬ ቀጠልኩ። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል፤ ማቆሚያው ግን እጄ ላይ ነበር። ሲዝኑን ጨርሼ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ማታ «ውይ! አይ ጉድ!» እያልኩ እንደ አዲስ አየሁ። አክተር ሆንኩላችሁ። በአራተኛው ማታ ምላሴ አዳለጠኝ፤ «አይ፣ ፍቺው ቀርቧል» አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። «ቀድመህ አየኸው፣ አይደል?»

«ኧረ በእናቴ! ገምቼ ነው።»

ምንም ሳትናገር ስልኬን አንስታ ከፈተችው። ያየሁት ክፍል ሁሉ ሥሩ ቀይ መስመር ተሰምሮበት ቁጭ ብሏል። ማስረጃ! እኔ ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«እኔ እኮ ፊልሙን ብቻ አልነበረም የማየው፤ አንተንም ነበር። ሐዋሳ የስድስት ወር ሥራ ቀርቦልኛል። እንዴት እንደምነግርህ ጨንቆኝ፣ ባልየው ሥራውን ልቀቅ ሲባል ፊትህ ምን እንደሚል እጠብቅ ነበር። አንተ ግን የውሸት ፊት ነው ያሳየኸኝ።»

ሳቄ ከየት ይምጣ? አንደርውድ እንኳ ለተመልካቹ እውነቱን ይናገራል!

ያን ማታ ፊልም አላየንም። እውነቱን ነገርኳት፦ ደስ አላለኝም፤ ልጅ ይዤ ብቻዬን መቅረቱ አስፈራኝ። ይገርማችኋል፣ ከ«ውይ! አይ ጉድ!»ው ይልቅ ይሄ ቀለላት። እሷም መፍራቷን ነገረችኝ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስንነጋገር ቆየንና «ሂጂ» አልኳት። ትሄዳለች። እኔም ከአሁኑ የልጄን ፀጉር ማበጠር እየተለማመድኩ ነው፤ ውጤቱን አትጠይቁኝ።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ናት። ከፍቅረኛችሁ ጋር አንድ ፊልም ከጀመራችሁ ውሉን አክብሩ። ካልቻላችሁ፣ ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር ማጥፊያ አለውና አጥፉት። ካፈረሳችሁ ደግሞ ጠዋት ቡና ላይ ተናዘዙ፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ በሳቅ ያልቃል። መሐላ ከተጨመረበት ግን ጉዳዩ ፊልም መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ደራሲ ተመልካቹን ለመያዝ በየክፍሉ ተንኮል መሸረብ አለበት፤ ሻይ የጋበዘህ ባልደረባህ ግን ምናልባት ሻይ አምሮት ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ክፍሉ ሲያልቅ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ለወራት ያልተነገረ ነገር በዚያች ጥያቄ ሊወጣ ይችላል።

እኛ ሁለተኛውን ሲዝን ገና አልጀመርንም። እሷ ከሐዋሳ፣ እኔ ከዚህ፣ ስልክ እየተደዋወልን እኩል «ጀምር» ልንል ተስማምተናል። እስክትሄድ ግን ስልኬን እሷ ትራስ ሥር ነው የማሳድረው።

በሉ ቸር ሰንብቱ፤ ለሳምንት ያገናኘን።