ፊርማችሁን ከመስጠታችሁ በፊት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ሐሙስ ስለ ሰፈራችን ባለ ሰገነት አሮጌ ቤት የሚያነጋግሩን ሰዎች ይመጣሉ። «ታድሶ ዘመናዊ የስብሰባ ማዕከል ይሆናል፤ እናንተ የሰፈሩ ታላላቆች ፈርሙልን» ይሉናል። ቡና ይፈላል፣ በኮምፒውተር የተሠራ ያማረ ሥዕል ይዘረጋል። ከዚያ በፊት ስሙኝ።

አፍሪካ አዳራሽን ምሳሌ አድርገው መምጣታቸው አይቀርም። እኔም እኮራበታለሁ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ያ አዳራሽ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን ቻርተር የፈረሙት እዚያው ነው። ታድሶ በጥቅምት 2017 ሲከፈት የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ከነግርማው ቆሞ ታየ። ግን ልብ በሉ፤ ሥራው ዓመታት ፈጅቷል፣ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለታል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናክሯል፣ የድሮ ወንበሮቹ እንኳ ሳይጣሉ ታድሰዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ሕንፃ ሲወለድም የስብሰባ አዳራሽ ነበር።

የኛው ቤት ግን ሰው ሊኖርበት የተሠራ ነው። ጭቃ፣ ጭድ፣ የጽድ ምሰሶ፣ ከላይ ኖራ። የጭቃ ግድግዳ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ ያወጣል፤ ኖራ ያሳልፈዋል፣ ሲሚንቶ ያፍነዋል። የታፈነው እርጥበት ጭዱን ያበሰብሳል፣ የምሰሶውን ሥር ለምስጥ ያመቻቻል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከዓመታት በፊት በሌላ ሰፈር ለአንድ ቤት እኔው ፈርሜያለሁ። ሲሚንቶ ለጠፉበት፣ ሰገነቱን በመስታወት ዘጉት፣ የጣውላውን ወለል ነቅለው ሴራሚክ አነጠፉ። በሁለተኛው ክረምት የጓሮው ግድግዳ አበጠ፣ ከዚያ ተናደ። ስጠይቅ «ግድግዳው አርጅቶ ነበር» አሉኝ። ያረጀው ግድግዳ እነሱ እስኪነኩት ድረስ ሰማንያ ዓመት ቆሟል! ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ግን የኔ ነው፤ አሁንም በዚያ በኩል ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ።

ባለፈው እሑድ አንዲት እህታችን «ከሚፈርስ ቢታደስ አይሻልም ወይ?» ብለዋል። በ2016 የፒያሳን ቤቶች መፍረስ ያየ ሰው እንዲህ ቢሰጋ አይፈረድበትም። እኔም አድሱት ነው የምለው፤ የራስ ብሩ ቤት ሙዚየም ሆኖ አላገለገለም እንዴ? ነገር ግን ሦስት መቶ ሰው በእንጨት ደርብ ላይ ሲቀመጥ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ ግድግዳውን ሲበሳ፣ የመጸዳጃው ውኃ ከመሠረቱ ሥር ሲያልፍ፣ ጄኔሬተሩ ጓሮ ሆኖ ሲያንቀጠቅጠው፣ የቤቱ ፊት ብቻ ይቀራል። ጥጃዋ የሞተባትን ላም ለማለብ ቆዳውን ጭድ ሞልተው እንደሚያቆሙላት ማለት ነው። ላሚቱስ ትታለላለች፤ እኛ ግን ጥጃውን በሕይወቱ እናውቀዋለን።

ስለዚህ ሐሙስ ሥዕሉን ወደ ጎን አድርጉት። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው፤ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ይጠይቃል። የፈቃዱን ደብዳቤ አሳዩን በሉ። ቀጥላችሁ ግድግዳው በምን እንደሚለሰን፣ ደርቡ ስንት ሰው እንደሚችል፣ ቱቦው በየት እንደሚያልፍ የሚያሳየውን ንድፍ ጠይቁ። ስብሰባውን በግቢው ውስጥ በሚሠራ አዲስ አዳራሽ፣ ቤቱን ለእንግዳ መቀበያና ለቤተ መጻሕፍት ቢያደርጉትስ? መልሳቸውን አንዳችን በጽሑፍ እንያዝ። «ጊዜ የለም፣ ፈንዱ ይመለሳል» ካሉ እስክሪብቶውን አታንሱ።

እኔ ቀድሜ እመጣለሁ። መነጽራችሁን አትርሱ፤ ትንንሾቹን ጽሑፎች እኔ ብቻዬን አንብቤ አልዘልቃቸውም።