ለመቀስዎ ምስጋና

ይድረስ ለሠዓሊው ፊሊፕ ኦቶ ሩንገ፤

ክቡር ሆይ፣ ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ምስጋና ግን ቢዘገይም አይቀርምና ይኸው ጻፍኩልዎ።

ብዙዎች የሚያነሡዎት በቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1810፣ ገና በ33 ዓመትዎ የሳንባ ነቀርሳ በነጠቀዎት ዓመት፣ ቀለማትን ሁሉ በአንድ ሉል ላይ አሰናድተው አሳትመዋል። እኔ የማመሰግንዎ ግን ቀለም ላልነካቸው ሥራዎችዎ ነው፤ ከነጭ ወረቀት ቆርጠው በጥቁር ወይም በሰማያዊ ወረቀት ላይ ለለጠፏቸው አበቦችና ቅጠሎች።

በቮልጋስት ከተማ ሕመም ከትምህርት ቤት ሲያስቀርዎት ይህን ሙያ ያስተማሩዎት እናትዎ ናቸው። ምስጋናዬ ለእሳቸውም ይድረስ። ሠዓሊ ከሆኑም በኋላ መቀሱን አልጣሉትም። እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ዕፅዋት ቅርጽ መለዋወጥ መጽሐፍ የጻፈው ጎተ እንኳ ከእነዚህ የወረቀት አበቦችዎ ደርሶታል።

እርሳስ ይፋቃል፣ ቀለም በቀለም ይሸፈናል፤ መቀስ የቆረጠው ግን አይመለስም። ስለዚህ ቆራጩ አስቀድሞ አጥርቶ ማየት አለበት፦ ቅጠሉ ከግንዱ በየት በኩል ይወጣል? ጠርዙ ልሙጥ ነው ወይስ ጥርስ አለው? እንቡጡ ቀና ብሏል ወይስ አጎንብሷል? በጥላ ምስል ውስጥ የቅጠል ጅማትም ሆነ የብርሃን ነጸብራቅ አይታይምና፣ ሁሉንም የሚናገረው ጠርዙ ብቻ ነው። ሥራው ከአንድ ወረቀት የሚወጣ ስለሆነም ቅጠሉ በአገዳው፣ አገዳው በግንዱ መያዝ አለበት፤ ግንዱን ከልክ በላይ ያቀጠነ ሰው አበባውን ይጥላል። ተክሉ ራሱ የሚቆምበት ሕግ ይኸው አይደል? የእርስዎ መቀስ የተክሉን መልክ ብቻ ሳይሆን አቋቋሙን ጭምር የያዘው ለዚህ ይመስለኛል።

ሥራዎችዎን ካየሁ ወዲህ በመስከረም አደይ አበባ ሲፈነዳ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ቢጫው ቢወሰድ ምን ይቀራል? ጎንበስ ብዬ ሳይ የተከፋፈለውን ቅጠል፣ ቀጭኑን አገዳና ገና ያልተፈታውን እንቡጥ አገኛለሁ። የአገሬን አበባ ከቀለሙ አልፌ እንዳውቀው ያደረገኝ አገሬን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

አክባሪዎ