ብሔራዊ ወራጅ አለ

በታክሲ ወደ ለገሀር የወረደ ተማሪ ሁሉ «ብሔራዊ ወራጅ አለ» ብሎ ያውቃል። ከወረደ በኋላ ግን ወደ ባንክ ወይም ወደ ስታዲየም ያቀናል እንጂ፥ ለሠፈሩ ስሙን ወደ ሰጠው ቲያትር ቤት ጎራ የሚል ጥቂት ነው።

ይህን ለማንሣት ያስገደደን ባለፈው ሳምንት በመመገቢያ አዳራሽ የሰማነው ክርክር ነው። የአማርኛ ቲያትር ሞቷል፥ ቀልድ ብቻ ሆኗል ተብሎ ተፈረደ። ዘንድሮ አንድ እንኳ ያያችሁ እጃችሁን አንሡ ሲባል የተነሡት ሦስት እጆች ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ የቲያትር ጥበባት ተማሪ ስለ ሆነ አይቈጠርም። እኛም የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች እጃችንን አላነሣንም።

ቤቱ ግን እንዲህ የሚናቅ አይደለም። ጣሊያን ሲኒማ ሊያደርገው ጀምሮት ሳይጨርሰው የወጣ ሕንፃ ነበር። ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት እንደ ገና ነድፎት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1948 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር» ተብሎ ተከፈተ። የመክፈቻው ድርሰት «ዳዊትና ኦርዮን» ሲሆን፥ ደራሲው የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ነበሩ። ንጉሥ የወታደሩን ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለበትን ታሪክ ለንጉሥ በዓል ማቅረብ፥ ዛሬ ስናስበው እጅግ ያስደንቀናል። ያን ጊዜ ቲያትር ቀልድ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ከዚያም ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን በአማርኛ አናገረ፤ የከተማውንም ድኻ ወደ መድረክ አወጣ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቤቱ ብሔራዊ ተባለ፤ ወንበሩ የሕዝብ ሆነ ማለት ነው፥ ቢያንስ በስም።

ታዲያ ለምን አንቀመጥበትም? ምክንያቱ ገንዘብና ምሽት ነው ይባላል። የገንዘቡን ነገር አናቃልልም። ነገር ግን የእንግሊዝን ኳስ ለማየት በየሳምንቱ የምንከፍለው ከየት መጣ? የምሽቱ ችግር ግን እውነተኛ ነው፤ ትርኢት አልቆ ታክሲ መጠበቅ ለሁላችንም፥ ይልቁንም ለእኅቶቻችን፥ ከባድ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ቲያትር ቤቱን በወር አንድ ቀን የተማሪ ዋጋ፥ ዩኒቨርሲቲውን ደግሞ አንድ የመመለሻ አውቶቡስ እንዲጠይቅ እናሳስባለን። መምህራንም አብረውን ቢመጡ ደስ ይለናል።

ጋዜጣችን ቲያትር አይቶ ለሚጽፍ ሰው አንድ ገጽ ለይቷል። ቢያወድስም ቢነቅፍም እናትማለን፤ የገባበትን ቲኬት ግን ከጽሑፉ ጋር ያያይዝልን።