የቃል ኪዳን ወሰንና ጣልቃ ገብነት

የግለሰብን ነፃነትና ንብረት ከመንግሥት ሥልጣን የሚያስቀድመው የሊበርታሪያን አስተሳሰብ፣ ራስን ከመከላከል ውጭ በሌላው ላይ ኃይል መጠቀም አይገባም ከሚል መርህ ስለሚነሳ፣ መንግሥት በዜጎች ግብር በባዕድ ምድር የሚያካሂደውን ጦርነት አጥብቆ ይቃወማል፤ አሜሪካዊው የምክር ቤት አባል ሮን ፖል በ2002 እ.ኤ.አ. በኢራቅ ላይ ኃይል ለመጠቀም የቀረበውን ውሳኔ የተቃወሙትም በዚሁ መንፈስ ነበር።

የእስልምና መነሻ ሌላ ነው። የቁርአን 4ኛ ምዕራፍ 75ኛ አንቀጽ ለተጨቆኑ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሲባል መዋጋትን ስለሚያዝ፣ ከድንበር ማዶ የሚፈጸም በደል እንደ ባዕድ ጉዳይ አይታለፍም። ይሁን እንጂ 8ኛው ምዕራፍ፣ ማለትም አንፋል፣ በ72ኛው አንቀጹ በሃይማኖታቸው ምክንያት እርዳታ የሚጠይቁ አማኞችን መርዳት ተገቢ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ቃል ኪዳን በተገባለት ሕዝብ ላይ ግን ይህ እንደማይፈቀድ ይገድባል። በእምነት ስም ጦርነትን የሚያወድሱ ሰዎች የሚዘነጉት ይህ ገደብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ628 እ.ኤ.አ. በመካ አቅራቢያ ባለችው በሁደይቢያ ታይቷል፤ አቡ ጀንደል የተባለው ሙስሊም ከነሰንሰለቱ አምልጦ ቢደርስም፣ ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ገዢዎች ከቁረይሾች ጋር የገቡትን፣ ከመካ የሸሸን የመመለስ ውል አክብረው፣ ባልደረቦቻቸው በኀዘን እየተመለከቱ፣ እንዲመለስ አድርገዋል።

ሁለቱ አስተሳሰቦች ከድንበር ማዶ ጣልቃ መግባትን በመገደብ ቢቀራረቡም ምክንያታቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ የግለሰብን መብት፣ ሌላው በፈጣሪ ፊት የተገባን ቃል ይጠብቃል። ከሁደይቢያው ውል ቀደም ብሎ ግን የአክሱሙ ንጉሥ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ ባለመስጠቱ፣ ጦር ሳይዘምት ተበዳይን መታደግ እንደሚቻል አሳይቷል።